«አለቀ» ማለትን የሚያውቅ አስተናጋጅ

አርብ ነበር። ቀበና ውስጥ በአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ትሪ መሸከም ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ አንዲት እናት ገቡና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። «የኔ ልጅ፣ ሽሮው የጾም ነው አይደል?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኩ። ወጥ ቤት ገብቼ አልጠየቅኩም። ለካ ቅቤ የነካ ጭልፋ ሳይታጠብ ወደ ጾሙ ድስት ገብቶ ኖሯል።

አንድ ጉርሻ ቀመሱና እጃቸው ትሪው ላይ ቆመ። አልተቆጡም። የቀረውን እንጀራ በሽሮው ላይ ከደን አድርገው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ «ሂሳብ ስንት ነው?» አሉ። አልቀበልም ብልም ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ በደጃፋችን ሲያልፉ ሰላም ይሉኝ ነበር። ገብተው ግን አያውቁም።

በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ምሳ የሚበላ ደንበኛ በዓመት 52 ጊዜ ይመጣል። እኔ 52 ምሳ የሸጥኩት በአንድ «አዎ» ነው። ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት መንገደኛ አያጣም፤ ዛሬ የተቀየመው ነገ ደሴ ይገባል፣ በቦታው ሌላ ይቀመጣል። ቀበና፣ ጉራራ፣ ኮተቤ ወይም ፈረንሳይ ለጋሲዮን መንደር ውስጥ ያለ ቤት ግን የሚኖረው ተመልሶ በሚመጣ ሰው ነው። ስለዚህ ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ ወጣቶች የምመክረው አንድ ነገር ነው። እንግዳው ራሱ ከማወቁ በፊት እውነቱን እናንተ ንገሩት፤ ያለውን፣ የሌለውን፣ የሚቆየውን፣ የሚያስከፍለውን። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ፈገግ ያለ ፊት «አሁን ይደርሳል» ብሎ ሲዋሽ ከተኮሳተረ ፊት ይብሳል።

ሙያው የቆየ ነው

በድሮ ግብር ላይ አጋፋሪው ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ አሳላፊው ማን ምን እንደሚቀርብለት ያውቃል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ጣይቱ ብጡል ያሰናዱት ታላቅ ግብር ከየአገሩ የመጣውን ምግብ በአንድ ድግስ በማገናኘቱ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይጠቀሳል። ያ ሁሉ ወጥ ከእንግዳው ፊት የደረሰው በአሳላፊ እጅ ነው።

በገንዘብ ማብላት ግን ሌላ ነገር ነበር። ፒያሳ ያለው እቴጌ ሆቴል ሲከፈት ሰው ምግብ ገዝቶ መብላትን ነውር አድርጎ ስላየው፣ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው ወጡ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። እንግዳ ሆኖ መክፈል ለኢትዮጵያዊ እንዲህ ከባድ ነገር ነበር። ዛሬም ሰው ቤታችን ሲገባ ግማሽ ልቡ እንግዳ፣ ግማሽ ልቡ ገዢ ነው። እንግድነቱን ብቻ ካያችሁ ሂሳቡ ይሳሳታል፤ ገዢነቱን ብቻ ካያችሁ ሰውየው ይቀየማል።

«ዛሬ ምን የለም?»

አብዛኛው የሰፈር ምግብ ቤት ሜኑ ከወጥ ቤቱ አቅም በላይ ይረዝማል። ስልሳ ዓይነት ምግብ ተጽፎ ምድጃው ላይ ያለው አሥራ ሁለት ነው። እንግዳው ዱለት ያዛል፣ አስተናጋጁ «እሺ» ብሎ ይሄዳል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ «ዱለት የለም» ይላል። እንግዳው ክትፎ ያዛል፤ እሱም የለም። ሦስተኛው ላይ ሰውየው የሚያዘው የሚወደውን ሳይሆን የተረፈውን ነው። ያን ቀን የበላው ምግብ ምንም ቢጣፍጥ አይጣፍጠውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የምሳ ሰው ከመምጣቱ በፊት፣ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወጥ ቤት ገብታችሁ አራት ነገር ጠይቁ። ዛሬ ምን የለም? ምን ሊያልቅ ነው? ምን ይቆያል? የጾሙ ድስት የትኛው ነው? መልሱን በማስታወሻ ደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ እንግዳው ሜኑውን ሳይገልጥ «እንኳን ደህና መጡ። ዛሬ ዱለት አልቋል፤ ምንቸት አብሽና ጎመን በሥጋ አሁን የወጣ አለ። ምን ልታዘዝ?» በሉት። «አልቋል» የሚለው ቃል ከትዕዛዝ በፊት ሲመጣ መረጃ ነው፤ ከትዕዛዝ በኋላ ሲመጣ ቅሬታ ነው።

ይህን ያስተማረኝ አንድ የቤልጂየም ሰው ነው። የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የፈረንሳይ ኤምባሲዎች በዚሁ በእኛ አካባቢ ስላሉ የውጭ እንግዳ ብርቅ አይደለም። ሰውየው ሜኑ ሳቀርብለት እጁን አወዛውዞ «ዛሬ ምን አለ?» አለኝ፣ በተሰባበረ አማርኛ። በአገራቸው ያለ ተራ የሰፈር ምግብ ቤት የዕለቱን ምግብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፈ ያቆማል። የምሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚበላው እሱን ነው። ሲያልቅ ይሰረዛል፣ ማንም አያፍርም። በጣም የሚወዱት ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ እንኳ ወቅቱ ሲያልፍ ሰው በትዕግሥት ቀጣዩን ወቅት ይጠብቃል። እኛም አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ገዝተን በሩ ላይ አቆምን፤ አምስት ምግብ ብቻ ይጻፍባታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደንበኞቻችን ሜኑ መጠየቅ ተዉ። ባለቤቱን ለማሳመን ብዙ ክርክር አያስፈልግም። አምስት ምግብ ማለት ትንሽ ግዢ፣ ትንሽ ብልሽትና ፈጣን ወጥ ቤት ነው።

ሰዓትን በእውነት መንገር

የመገናኛ የቢሮ ሠራተኛ የምሳ ዕረፍቱ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ መንገዱን ሲቀንስ አርባ ደቂቃ አይሞላም። እሱን «አሁን፣ አሁን» እያላችሁ ሃያ አምስት ደቂቃ ብታስቀምጡት ምግቡ ሲመጣ በጋዜጣ ጠቅልሎ መሄድ ያምረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ አስተናጋጅ የማያውቀው የከፍታ ጉዳይ አለ። ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስላለች እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንጦጦ ጫፍ፣ 3,200 ሜትር ግድም ላይ፣ ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል። ፈላ ማለት እንደ ቆላው ሞቀ ማለት አይደለም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ድንችና ጠንካራ ሥጋ ብዙ ደቂቃ የሚፈጁት ለዚህ ነው። እሳቱን መጨመር ውሃውን ቶሎ ያደርቃል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም። ጥራጥሬውን ማታ መዘፍዘፍና ፕሬዠር ኩከር መጠቀም ነው የሚያዋጣው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ሽቅብ ወጥተው ሥራ የያዙ ልጆች «ታች ሰፈር በዚህ ሰዓት ይደርስ ነበር» እያሉ ሲቸገሩ ሰምቻለሁ። የከተማውን ሰዓት ይዛችሁ ተራራ ላይ ቃል አትግቡ።

የድንች ጥብስ ሌላ ነው፤ የሚበስለው በዘይት ስለሆነ ሙቀቱ በእጃችሁ ነው። ቤልጂየሞች በዚህ ይኮራሉ፣ ምስጢራቸውም ሁለት ጊዜ መጥበስ ነው። መጀመሪያ በለዘብ ያለ ዘይት ውስጡ እስኪበስል፣ ከዚያ አውጥቶ ማሳረፍ፣ ትዕዛዝ ሲመጣ በጋለ ዘይት ቡናማ እስኪሆን። ለሰፈር ወጥ ቤት ጥቅሙ ከጣዕሙ ይልቅ ሰዓቱ ነው። የመጀመሪያው ጥብስ ከምሳ በፊት ካለቀ፣ ለእንግዳው «አምስት ደቂቃ» ስትሉት አምስት ደቂቃ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩ። እንጦጦ ላይ ምግብ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሳህኑን ሳታሞቁ ጥብስ አታውጡ። ተጋቢኖ በሸክላው እየፈላ ሲወጣ ደግሞ ልጅ ከያዘ እናት ፊት ከማስቀመጣችሁ በፊት «ሸክላው ያቃጥላል» በሉ።

ጾም፣ ሃይማኖትና «አይመስለኝም»

ረቡዕና አርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ፣ ሌሎችም አጽዋማት ሲደመሩ ከዓመቱ ትልቁ ክፍል ጾም ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕም አርብም ይበላል። አስተናጋጅ ይህን የቀን መቁጠሪያ በቃሉ ሊይዝ ይገባል፤ የራሱ ሃይማኖት ምንም ይሁን።

የጾም ምግብ ማለት ሥጋ የሌለበት ማለት ብቻ አይደለም። ጭልፋው፣ ድስቱ፣ የተጠበሰበት ዘይት፣ ፍርፍሩ የተሠራበት መጥበሻ ሁሉ ይጠየቃል። ዓሣን የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ፤ አትፍረዱ፣ ጠይቁ። ሙስሊም እንግዳ ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ሲጠይቃችሁ ቀጥታ መልሱለት። «ይመስለኛል» እና «አይመስለኝም» ከዚህ ጥያቄ ጋር አይሄዱም። የማታውቁ ከሆነ «አንድ ደቂቃ፣ ጠይቄ ልምጣ» በሉ። ያቺ አንድ ደቂቃ እኔን ካጣኋቸው እናት የለየችኝ ደቂቃ ናት።

ለውጭ እንግዳ አትወስኑለት

የውጭ ሰው ክትፎ ሲያዝ ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ የበሰለ እናዛለን፤ ጥሬውን ይፈራል ብለን። ቤልጂየም ውስጥ ግን «ፊሌ አሜሪካን» የሚባል ምግብ አለ፤ የተፈጨ ጥሬ የበሬ ሥጋ በሰናፍጭ፣ በሽንኩርትና በማዮኔዝ የታሸ፣ ከድንች ጥብስ ጋር የሚበላ። የዚያ አገር ሰው ጥሬ ሥጋ አያስደነግጠውም። በተቃራኒው የራሳችን ሰው ሆኖ የበሰለ ብቻ የሚበላ ብዙ አለ። ስለዚህ ለሁሉም እኩል «ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ?» በሉ። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያመጣ እንደሚችል ለማያውቅ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ነውር አይደለም። ሚጥሚጣውንም ለብቻ በትንሽ ሳህን አቅርቡ፤ የሚችለውን ያህል ራሱ ይነስንስ።

ስለ ጉርሻም አንድ ነገር እወቁ። ቤልጂየምን በመሳሰሉ አገሮች የአገልግሎቱ ዋጋ በምግቡ ዋጋ ውስጥ ተካቷል። ጥቂት ሳንቲም ትቶ የሚሄድ፣ ወይም ምንም የማይተው እንግዳ ንቋችሁ ላይሆን ይችላል። በሚቀጥለው ቀን ፊታችሁን ካጠቆራችሁበት ግን ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይገባው ይቀራል። የሰፈራችሁን ሰው ደግሞ በጉርሻው አትመዝኑት። በየቀኑ ሽሮ የሚበላ ተማሪ ነገ ሥራ ይይዛል፤ ሥራ ሲይዝ ባልደረቦቹን የሚያመጣው ወደሚያውቀው ቤት ነው።

የሂሳብ ጦርነት

ሁለት ጎልማሶች በልተው ጨርሰዋል። ሂሳብ ይጠራል። አንደኛው እጁን ኪሱ ይከታል፣ ሁለተኛው የጓደኛውን እጅ ይይዛል። «እኔ እያለሁ!» «በሞቴ!» «አፈር ስሆን ተወኝ!» ሁለቱም ብር ዘርግተዋል፣ እናንተ መሃል ቆማችኋል። የማንን ትቀበላላችሁ?

እኔ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው። አንደኛ፣ አስቀድሞ ወደ ካሸር ሄዶ ወይም ዓይኑን ጠቅሶ «በእኔ ይሁን» ያለ ሰው ቀድሟል፤ ለእሱ አድሉ። ሁለተኛ፣ ማንም ካልቀደመ የሂሳቡን ወረቀት አጣጥፋችሁ ከሁለቱ መሃል አስቀምጡና ሁለት እርምጃ ራቁ። ጦርነቱ የእነሱ ነው። ሦስተኛ፣ በፍጹም ከሁለቱም አትቀበሉ፤ «መልሱን እሰጣለሁ» ማለት ወደ ጠብ ይወስዳል። አራተኛ፣ ወንድና ሴት ሲቀመጡ ወረቀቱን በልማድ ለወንዱ አትስጡ፤ የጋበዘችው እሷ ልትሆን ትችላለች። ታናሽ የሆነ ሰው ሽማግሌን ጋብዞ በድብቅ ከፍሎ ከሆነ ደግሞ ለሽማግሌው ጮክ ብላችሁ «ተከፍሏል» አትበሉ። «ጋሼ፣ ሂሳቡ አልቋል» ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ማለት ክብራቸውን ይጠብቃል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ ግራ ማጋባት የለበትም። ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) 15 በመቶ ነው። ሜኑው ላይ 400 ብር ተጽፎ ቫቱ ካልተካተተ እንግዳው የሚከፍለው 460 ነው። ይህን በሂሳብ ሰዓት የሚሰማ ሰው የተታለለ ይመስለዋል። ወይ ዋጋውን ከነቫቱ አስጽፉ፣ ወይ በሜኑው የመጀመሪያ ገጽ በጉልህ አስቀምጡ። በቴሌብር የሚከፍል ካለ መልእክቱ መድረሱን ካሸሩ ያረጋግጥ፤ የእንግዳውን ስልክ ስክሪን ብቻ አይቶ ማለፍ በኋላ ከደመወዝ ጋር ያጋጫል። ደረሰኝ ደግሞ ሳይጠየቅ ይሰጥ።

ስለ ራሳችሁ ውል

ለእንግዳ እውነት መናገር ያለበት ሰው በራሱ ሥራም ግልጽ ነገር ይገባዋል። ብዙ አስተናጋጅ የሚቀጠረው በቃል ነው፤ «ነገ ጀምር» ተብሎ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ጠይቁ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በሳምንት አንድ ቀን ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባችኋል፤ ምግብ ቤት እሑድ ስለሚሠራ ዕረፍታችሁ ማክሰኞ ሊሆን ይችላል፣ ግን ይኑር።

በየቤቱ የሚያጋጨው ነገር ሳይከፈል የሄደ ሂሳብና የተሰበረ ብርጭቆ ነው። «ከደመወዝህ ይቆረጣል» ይባላል። አዋጁ ከደመወዝ መቁረጥን የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን ነው። ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ስትቀጠሩ ስለ ብርጭቆው፣ ሳይከፍል ስለሚሄደው እንግዳና ስለ ጉርሻ ክፍፍሉ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጉርሻ በሳጥን ተጠራቅሞ የሚከፋፈል ከሆነ ወጥ ቤቱን አትርሱ። ድንቹን ሁለት ጊዜ የጠበሰችውን ሴት እንግዳው አያያትም።

ስትሳሳቱም ሽሽት የለም። ትዕዛዝ ተቀያይሮ ከወጣ «ወጥ ቤቱ ነው» አትበሉ፤ እንግዳው ወጥ ቤቱን አያውቀውም፣ የሚያውቀው እናንተን ነው። «ስህተቱ የእኔ ነው፣ አሁን አስተካክላለሁ» በሉና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አብራችሁ ንገሩት።

ነገ ጠዋት ሽርጣችሁን ከማሰራችሁ በፊት ወደ ወጥ ቤት ግቡ። «ዛሬ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም። እናንተ መጀመሪያ «ዛሬ ምን የለም?» ብላችሁ ጠይቁ።